«ሲስተም የለም» መልስ አይሆንም



እንደምታውቁት የመንግሥት አገልግሎት ከወረቀትና ከማኅተም ወደ ኮምፒዩተርና ወደ ስልክ በመሸጋገር ላይ ይገኛል። ልደት ማስመዝገብ፣ መታወቂያ ማውጣትና ማሳደስ፣ ያላገባ ማስረጃ መጠየቅ፣ ግብር መክፈል፣ የንግድ ፈቃድ ማሳደስ፤ ይህ ሁሉ ትናንት በመስኮት በኩል ብቻ ይፈጸም የነበረ ጉዳይ ዛሬ ግማሹ በመስኮት፣ ግማሹ በኮምፒዩተር ሆኗል። ነገ ደግሞ ሁሉም በስልክ ያልቃል እየተባለ ነው።

በዚህ ጉዳይ በሰፈራችን የሚሰማው አስተያየት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ወገን፣ አብዛኛውን ጊዜ ወጣቱ፣ «ወረቀት ይቅርብን፤ ሁሉ ነገር በስልክ ይለቅ፤ ደጅ መጥናት ሰለቸን» ይላል። ሁለተኛው ወገን፣ በተለይም አባቶችና እናቶች፣ «ተዉን እባካችሁ፤ ወረቀታችንን አትንኩብን፤ በእጃችን ያልያዝነውን ነገር አናምንም» ይላሉ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል ሰምተናል። ይሁን እንጂ ወረቀቱን የሙጥኝ ያሉት ሽማግሌዎች ሞኞች አለመሆናቸውን ከዚህ በታች እናስረዳለን።

እኛ የማኅበሩ ኮሚቴ አባላት ሁለቱንም ወገን አዳምጠን የደረስንበት አቋም የሚከተለው ነው። አዲሱን አሠራር እንደግፋለን፤ እንቀበላለንም። ነገር ግን ነዋሪው የሚቀበለው መብቱን ጥሎ አይደለም። ኮምፒዩተሩ ሠራም አልሠራም፣ መብራት ኖረም አልኖረም፣ ነዋሪው አመልካች ነው፤ አመልካች ደግሞ መልስ ይገባዋል። «ሲስተም የለም» መልስ አይሆንም።

ወረቀቱ ከየት መጣ?

አሠራሩ ከየት እንደተነሣ ማስታወስ ይጠቅማል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ሲታወጅ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ማለትም ቀበሌዎች አብረው ተመሠረቱ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የከተማ ሰው ኑሮ በቀበሌ መዝገብ ላይ ሰፈረ። የቤት ቁጥር ከቀበሌ፣ መታወቂያ ከቀበሌ፣ የቤተሰብ ማህደር ቀበሌ፣ በችግሩም ዘመን ስኳሩና ዘይቱ ከቀበሌ ሱቅ ነበር። አደረጃጀቱ ተለውጦ ዛሬ ወረዳ ብንለውም ብዙዎቻችን አሁንም «ቀበሌ ደርሼ ልምጣ» ማለታችንን አልተውንም። ሕፃኑ ተወልዶ፣ አድጎ፣ አግብቶ፣ እስኪሞት ድረስ የሚከተለው ወረቀት እዚያ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል።

መደርደሪያውን ያየ ሰው ግን ያውቃል። ማህደሩ አቧራ ጠጥቷል፤ ጣሪያው ባፈሰሰበት በኩል ቀለሙ ፈሷል፤ አይጥም የድርሻዋን ወስዳለች። አንድ ሰው ሥልሳ ዓመት የኖረበትን ቤት ማስረጃ ፈልጎ ሲሄድ «ማህደሩ ጠፍቷል» ይባላል። ማህደር እግር የለው፤ ታዲያ እንዴት ጠፋ? ወይ በስህተት ሌላ ቦታ ገብቷል፣ ወይ አንድ ሰው እንዲጠፋ ፈልጓል። ባለጉዳዩ የትኛው እንደሆነ ማረጋገጫ የለውም። ዕድሉ ከቀና መዝገብ ቤት ያለው ሠራተኛ «የሻይ» ሲሰጠው ማህደሩ ከጠፋበት ይገኛል። ዕድሉ ካልቀና ልጆቹ ርስቱን እንጂ ክርክሩን አይወርሱም ያልነው ሰው ልጆቹን ለክርክር ብቻ ጥሏቸው ያልፋል።

የኤሌክትሮኒክ አሠራር የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው። በአግባቡ ከተሠራ መዝገቡ አንድ ቦታ ብቻ አይቀመጥም፤ ቅጂ ይኖረዋል። ማን መቼ እንደከፈተው፣ ማን ምን እንደለወጠ ተመዝግቦ ይቀራል። ክፍያው በሠራተኛው እጅ ሳይሆን በቀጥታ ወደ መንግሥት ሒሳብ ይገባል፤ ደረሰኙም በስልክ ይመጣል። ማመልከቻው ቀንና ሰዓት ስላለው «መቼ አመለከትክ?» የሚል ክርክር አይነሣም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ደጅ ጥናት የተባለው የቆየ በሽታችን መድኃኒቱ ይኸው መዝገብ ነው።

ሕዝባችን አይችልም የሚለው ወሬ

አንዳንድ ሰዎች «የእኛ ሕዝብ ገና ነው፤ አይችለውም» ይላሉ። ይህንን አንቀበልም። ያለፉትን ዓመታት መለስ ብለን እንይ።

በ2005 ዓ.ም. «ለሁሉ» የተባለው የክፍያ ጣቢያ በአዲስ አበባ ሲከፈት የመብራት፣ የውኃና የስልክ ሒሳብ በአንድ መስኮት መክፈል ተጀመረ። ቀድሞ ለሦስት ሒሳብ ሦስት ሰልፍ የቆመው ሰው ወዲያው ተላመደው። ግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሲጀመር ብዙዎቻችን «ገንዘብ በስልክ ውስጥ እንዴት ይቀመጣል?» ብለን ነበር፤ ዛሬ ጉሊት የምትሸጥ እናት ሳትቀር «በቴሌብር ላክልኝ» ትላለች። ለዚያውም ታች ስልክ አያስፈልጋትም፤ በትንሿ ባለ ቁልፍ ስልክ *127# ደውላ ትጨርሳለች። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነዳጅ በስልክ ክፍያ ብቻ እንዲሸጥ ሲደረግ የመጀመሪያው ሰሞን በየማደያው ግርግር ነበር፤ ሾፌሩ ግን ሳይውል ሳያድር ተማረው።

በዚያው በ2015 ዓ.ም. የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 ወጥቶ ፋይዳ ሕጋዊ መሠረት አገኘ። ለመመዝገብ ክፍያ የለውም፤ የአሥሩም ጣት አሻራ፣ የሁለቱም ዓይን ምስልና የፊት ፎቶግራፍ ይወሰዳል። ከታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ አዲስ የባንክ ሒሳብ ለመክፈት ፋይዳ መጠየቅ ጀመረ። ሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ደግሞ መሶብ የተባለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ተመርቆ የልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶች አገልግሎት በአንድ ጣሪያ ሥር እንዲገኝ ተደረገ።

እንግዲህ ሕዝቡ አልቻለም ማለት አይቻልም። ሕዝቡ የሚጠቅመውን ሲያይ፣ የሚያስተምረው ሲያገኝ፣ በሚችለው መሣሪያ ሲቀርብለት ይማራል። ቴሌብርን በትንሿ ስልክ መጠቀም ከተቻለ የወረዳውም አገልግሎት በትንሿ ስልክ የማይሆንበት ምክንያት የለም። ሠሪዎቹ አስበውበት ካልሠሩት ግን «ሕዝቡ አልተዘጋጀም» ብለው ጥፋቱን በሕዝቡ ላይ ማላከካቸው አግባብ አይደለም።

ታዲያ ሽማግሌዎቹ ለምን ይፈራሉ?

ፍርሃታቸው መሠረት አለው። አራት ምክንያቶችን ብቻ እንጥቀስ።

የመጀመሪያው የስልክ ቁጥር ነገር ነው። በአዲሱ አሠራር የቤትህ ቁልፍ የስልክ ቁጥርህ ነው። በአገልግሎቱ ለመግባት ስትሞክር በስልክህ ኮድ ይላክልሃል፤ ኮዱን ካላስገባህ በሩ አይከፈትም። በሰፈራችን ግን ስንት እናት ናት ሲም ካርዷ በልጇ ስም ያለ? ስንቱ ሽማግሌ ነው ስልክ ሳይኖረው የጎረቤት ቁጥር ያስመዘገበ? ልጅቷ ቤይሩት ወይም ጅዳ ስትሄድ ቁጥሩ አብሮ ይሄዳል፤ ወይም ሳይሞላ ቆይቶ ይዘጋል። ያን ጊዜ እናትየዋ በራሷ ጉዳይ ላይ እንግዳ ትሆናለች። ወረቀት ቢሆን ኖሮ መሶቧ ውስጥ ታገኘው ነበር። ወረቀቷን የሙጥኝ ማለቷ ሞኝነት ሳይሆን ልምድ ያስተማራት ጥንቃቄ ነው።

ሁለተኛው የስም ነገር ነው። እኛ አማርኛ ጸሐፊዎች «ኃይሉ»ን፣ «ሀይሉ»ን እና «ሐይሉ»ን አንድ ሰው እንደሆነ እናውቃለን። «ፀሐይ»ም «ጸሐይ»ም ብትጻፍ ያችው ፀሐይ ናት። ኮምፒዩተር ግን አያውቅም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒዩተር ፊደል ሥርዓት ውስጥ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1999 ሲገባ ለያንዳንዱ ፊደል የየራሱ ቁጥር ተሰጥቶታል። ስለዚህ ለኮምፒዩተር ሀ፣ ሐ እና ኀ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሠ እና ሰ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። ሞክሼ ፊደላትን አንድ አድርጎ እንዲፈልግ ካላዘዙት በስተቀር የልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ «ኃይለ ሚካኤል» ተብሎ መታወቂያው ላይ «ሀይለሚካኤል» የተባለውን ሰው ሁለት ሰው አድርጎት ቁጭ ይላል። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍማ አንዱ ስም አምስት ዓይነት ነው። የመዝገብ ቤቱ አዛውንት ጸሐፊ ይህን በዓይናቸው አይተው «የእርሶ ነው፤ ይውሰዱ» ይሉ ነበር፤ ኮምፒዩተሩ ግን «የለም» ብሎ ይመልሳል።

የልደት ዘመንም እንደዚሁ ነው። የእኛና የፈረንጆቹ አቆጣጠር በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይለያያል። በ1965 ዓ.ም. የተወለደ ሰው መዝጋቢው ሳይቀይር 1965ን እንደ ፈረንጅ ዓመት ካስገባው በአንድ ጣት ንክኪ ሰባት ስምንት ዓመት አርጅቶ ያድራል። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆነ በሥልሳ ዓመቱ መውጣት የሚገባው ሰው በሃምሳ ሁለትና በሃምሳ ሦስት ዓመቱ የጡረታ ደብዳቤ ሊደርሰው ይችላል። በወረቀት ላይ የተጻፈ ስህተት አንድ መሥሪያ ቤት ይቀራል፤ በኮምፒዩተር የገባ ስህተት ግን ባንክም፣ ትምህርት ቤትም፣ ጡረታ ቢሮም ተያይዞ ይደርሳል።

ሦስተኛው የጣት አሻራ ነገር ነው። ዕድሜ ልኩን ሲሚንቶ ያቦካ፣ ድንጋይ የጠረበ፣ እንጨት የተሸከመ ሰው አሻራው ተፍቋል። ልብስ በማጠብ ልጆቿን ያሳደገች እናትም እንደዚያው ናት። ጣታቸውን ሲያስቀምጡ መሣሪያው «አልታወቀም» ይላል። ይህች አገር በእነዚህ እጆች ተሠርታ ሲያበቃ እጃቸው አልታወቀም መባሉ ያሳዝናል። መፍትሔው ግን አስቸጋሪ አይደለም፤ በምዝገባው ጊዜ የዓይንና የፊት ምስልም ስለሚወሰድ አሻራው እምቢ ባለ ጊዜ በሌላው ማረጋገጥ ይቻላል። የሚያስፈልገው ሠራተኛው «ሂድና ሌላ ቀን ና» ከማለት ይልቅ ይህን እንዲያደርግ መታዘዙና መሠልጠኑ ነው።

አራተኛውና ትልቁ የመብራትና የኔትወርክ ነገር ነው። ቀድሞ ባለጉዳይን የሚመልሰው ቃል «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚል ነበር። ያ ቃል ዛሬ ጡረታ ወጥቶ «ሲስተም የለም» በሚል ተተክቷል። ልዩነቱ ኃላፊው ቢያንስ ስም ነበራቸው፤ ከስብሰባ ሲወጡ ደጃፍ ላይ ጠብቀን እናገኛቸው ነበር። ሲስተሙን ግን ማን ይጠብቀዋል? በየት በር ነው የሚወጣው?

ይህ የኛ ሰፈር ችግር ብቻ አይደለም። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት በአገሪቱ ለሳምንታት ተቋርጦ እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። መጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደረሰው የኮምፒዩተር ብልሽት ሰዎች በሒሳባቸው የሌለ ገንዘብ እንዲያወጡ አድርጎ፣ ባንኩ ገንዘቡን ለማስመለስ ምን ያህል እንደደከመ አይተናል። ያን ያህል አቅም ያለው ድርጅት አንድ ሌሊት ከተሳሳተ የወረዳ ጽሕፈት ቤት አይሳሳትም፣ አይቋረጥም ማለት ዘበት ነው። መቋረጡ አይቀርም። ጥያቄው በተቋረጠ ጊዜ ነዋሪው ምን ይሆናል የሚለው ነው።

ጊዜ ገደብ ያለበት ጉዳይ ሲሆን ነገሩ ይከፋል። በወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት በ90 ቀን፣ ሞት፣ ጋብቻና ፍቺ ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለባቸው። አንድ አባት በሰማንያ ስምንተኛው ቀን መጥቶ «ሲስተም የለም» ተብሎ ቢመለስ፣ በሰማንያ ዘጠነኛውም ቢመለስ፣ በዘጠና አንደኛው ቀን ዘገየህ የሚባለው ማን ነው? አባትየው ወይስ ሲስተሙ? አባትየው ሁለት ቀን መጥቶ እንደነበር የሚያሳይ አንድ ቁራጭ ወረቀት በእጁ ካልሰጣችሁት ፍርዱ በእርሱ ላይ ይሆናል። ስለዚህ ነው ወረቀቱ ገና አላለቀለትም የምንለው።

አዲሱ ጉዳይ አስፈጻሚ

አንድ ነገር ደግሞ በዓይናችን እያየን ነው። ደላላ ይጠፋል በተባለበት ቦታ አዲስ ደላላ ተወልዷል። በየወረዳው ደጃፍ ፎቶ ኮፒና የጽሕፈት አገልግሎት የሚሰጡ ቤቶች አሁን ፎርም በኢንተርኔት እንሞላለን ብለው ለጥፈዋል። ሥራቸውን አንነቅፍም፤ ብዙዎቹ ሐቀኛ ልጆች ናቸው፤ እንጀራቸውም ነው። ነገር ግን ያልተማረው ሰው ስልኩን አውጥቶ ይሰጣል፣ የሚስጢር ቁጥሩን ይናገራል፣ የመጣውን ኮድ ጮክ ብሎ ያነባል። ቤቱ ውስጥ አሥር ሰው ተሰልፎ ይሰማል። የሚስጢር ቁጥር ማለት የሣጥን ቁልፍ ነው። የሣጥን ቁልፍ ለመንገደኛ የሚሰጥ የለም፤ ይህኛውን ግን እየሰጠን ነው።

በዚህ ላይ መንግሥት ነፃ ነው ባለው አገልግሎት ነዋሪው ለሦስተኛ ሰው ከፍሎ ከገባ፣ ነፃነቱ የማንበብና ታች ስልክ የመያዝ አቅም ላለው ብቻ ሆነ ማለት ነው። የሌለው ይከፍላል። ቀድሞ የሻይ የሚከፍለው ድኻው ነበር፤ አሁንም የሚከፍለው እርሱው ከሆነ ምኑ ተለወጠ?

የግል መረጃ ነገርም አለ። በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ጸድቋል። ይህ አዋጅ መሥሪያ ቤቶች የሰውን መረጃ ለተሰበሰበበት ጉዳይ ብቻ እንዲጠቀሙበትና እንዲጠብቁት ያስገድዳል። ሰፈር ውስጥ ግን የማን ልጅ መቼ እንደተወለደ፣ ማን እንደፈታ፣ ማን ስንት ቤት እንዳለው ወሬው ከወረዳ ሲወጣ ሰምተናል። ወሬ በወረቀት ዘመን በአንድ ጸሐፊ አፍ ይወጣል፤ በኮምፒዩተር ዘመን ግን በአንድ ቁልፍ ሙሉ መዝገቡ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ማን ማህደራችንን እንደከፈተ የማወቅ ጉጉታችን ተራ ነገር አይደለም።

ለሚነሡ ክርክሮች

ይህንን ስናነሣ የሚሰጠን የመጀመሪያ መልስ «ወረቀትና ኮምፒዩተር ጎን ለጎን ማስኬድ ድርብ ወጪ ነው» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ወጪ አለው። ነገር ግን ባለጉዳይ አራት ጊዜ ሲመላለስ የሚያወጣው የታክሲ ዋጋ፣ የቀን ሠራተኛ ሰልፍ ላይ ሲውል የሚያጣው የቀን ገቢ፣ እሱ ወጪ አይደለም? የእርሱ ወጪ በመንግሥት በጀት ላይ አለመታየቱ ነው እንጂ ወጪስ ወጪ ነው። አንድ መስኮት፣ አንድ ባለሙያ፣ አንድ መዝገብና አንድ የቀን ማኅተም ወረዳውን አያደኸየውም።

ሁለተኛው መልስ «ኮምፒዩተር ከገባ ሙስና ይጠፋል፤ ታገሡ» የሚል ነው። ኮምፒዩተሩ ጉቦ አይቀበልም፤ ልክ ነው። ወደ ኮምፒዩተሩ የሚያስገባው ግን ሰው ነው። ፋይሉን ዛሬ ማስገባት ወይም ከነገ ወዲያ ማቆየት የሚችል ሰው እስካለ ድረስ ተራ ይሸጣል። ተራ እንዳይሸጥ የሚያደርገው መሣሪያው ብቻ ሳይሆን ተራው ለሁሉ ሰው የሚታይ መሆኑና የዘገየው ሠራተኛ መጠየቁ ነው።

ወረቀት ይሻላል ለሚሉትም ቃል አለን። ወረቀታችሁን ጠብቁ፤ ነገር ግን በወረቀት ብቻ አትታመኑ። እሳትና ውኃ ወረቀትን አይምሩም። ለልጆቻችሁ የምታወርሱት ማስረጃ በሁለት ቦታ ቢኖር ይጠቅማችኋል እንጂ አይጎዳችሁም።

ከወረዳው የምንጠይቀው

አንደኛ፤ ማንኛውም ማመልከቻ ሲስተም ኖረም አልኖረም በወረቀት ይቀበል፤ ለአመልካቹ ቀን፣ ቁጥርና የተቀባዩ ስም ያለበት ማኅተም የተመታበት ማስረጃ ይሰጠው፤ የጊዜ ገደቡም ከዚያ ቀን ጀምሮ ይቆጠር።

ሁለተኛ፤ ለአረጋውያን፣ ለአካል ጉዳተኞችና ማንበብና መጻፍ ለማይችሉ አንድ መስኮት በቋሚነት ይከፈት። እዚያ ያለው ሠራተኛ ፎርሙን ራሱ ይሙላላቸው፤ የሞላውንም አንብቦ ያሰማቸው።

ሦስተኛ፤ በስምና በልደት ዘመን ላይ ለደረሰ ስህተት የተመዝጋቢው ጥፋት ካልሆነ ማስተካከያው ያለ ክፍያ፣ እዚሁ በወረዳው፣ ቁርጥ ባለ ቀን ውስጥ ይፈጸም። መረጃው ከመጽደቁ በፊት ደግሞ ለባለቤቱ በወረቀት ታትሞ ይታይ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዳይሆን።

አራተኛ፤ መሥሪያ ቤቱ ራሱ የያዘውን ማስረጃ ዳግመኛ አይጠይቀን። የፋይዳ ቁጥራችንን ሰጥተን ሳለ የፋይዳውን ፎቶ ኮፒ፣ ከፎቶ ኮፒውም ጋር ዋናውን፣ ከዋናውም ጋር የቀድሞውን የቀበሌ መታወቂያ አምጡ መባል አዲሱን ሸክም በአሮጌው ላይ መጨመር እንጂ መሻሻል አይደለም።

አምስተኛ፤ የየአገልግሎቱ ዋጋ፣ የሚያስፈልገው ማስረጃና የሚወስደው ጊዜ በአማርኛም ሆነ ነዋሪው በሚናገራቸው ሌሎች ቋንቋዎች በትልቁ ተጽፎ በግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ስልክ የሌለው ሰው ግድግዳ ያነብባል፤ ማንበብ የማይችል አጠገቡ ያለውን ይጠይቃል።

ስድስተኛ፤ ማን ማህደራችንን እንደከፈተ ስንጠይቅ ይነገረን።

ከእኛ ከነዋሪዎች የሚጠበቀው

መጠየቅ ብቻ አይበቃም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። እድር ቀብርን፣ እቁብ ገንዘብን እንዳቀለለው ሁሉ ይህንንም ተረዳድተን ልናቀልለው እንችላለን። ስለዚህ የሚከተለውን እናሳስባለን።

በየእሑዱ ከእድር ስብሰባ በኋላ በማኅበራችን አዳራሽ አንድ ጠረጴዛ ይዘጋጅ። ከአሥረኛ ክፍል በላይ የሆኑ ልጆቻችን ተራ ገብተው አባቶችንና እናቶችን ይርዱ። አረዳዳቸው ግን ሥርዓት ይኑረው። ስልኩ ከባለቤቱ እጅ አይወጣም፤ ረዳቱ በጣቱ ያሳያል፣ ቁልፉን የሚነካው ባለቤቱ ነው። የሚስጢር ቁጥር አይጠየቅም፣ አይጻፍም፣ ለልጅም ቢሆን አይነገርም። ገንዘብ አይከፈልበትም። የሥራው ዓይነትና ቀኑ በማኅበሩ መዝገብ ላይ ይሰፍራል እንጂ የሰውየው የግል ጉዳይ አይጻፍም።

እናቶች ሆይ፣ ሲም ካርዳችሁ በማን ስም እንደሆነ ዛሬውኑ ጠይቁ። በልጅ ስም ከሆነ ልጁ እዚህ እያለ ወደ ራሳችሁ አዛውሩት። ልጁን ስላላመናችሁት አይደለም፤ ስሙ የእናንተ ሲሆን በሩም የእናንተ ስለሚሆን ነው። አከራዮችም ተከራዮቻችሁ ነዋሪነታቸውን ለማስመዝገብ የእናንተን ቃል ሲጠይቁ አትከልክሏቸው። መታወቂያ የሌለው ሰው በዚህ ዘመን ባንክም፣ ትምህርት ቤትም፣ ሐኪም ቤትም ደጅ ላይ ይቀራል።

ከወረዳ የተመለሰ ሰው ሁሉ ደግሞ የተመለሰበትን ቀንና የተሰጠውን መልስ በአዳራሹ በር ላይ በተንጠለጠለው ደብተር ያስመዝግብ። «ሲስተም የለም» ስንት ጊዜ እንደተባልን፣ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ጉዳይ፤ ይህ ተጽፎ ሲቀርብ ወሬ መሆኑ ይቀርና ማስረጃ ይሆናል። ለአንድ ሰው ቁጣ የማይመልስ ኃላፊ ለሦስት ወር ደብተር መልስ መስጠቱ አይቀርም። በቁጣና በስድብ የተገኘ አገልግሎት የለም፤ ሠራተኞቹም የእኛው ልጆችና ጎረቤቶች ናቸው፤ መብራት ሲጠፋ እነርሱም በጨለማ ነው የሚቀመጡት። የምንጠይቀው አሠራሩን ነው።

ኮምፒዩተሩ ይምጣ፤ እንኳን ደህና መጣ እንላለን። ነገር ግን የሚመጣው ነዋሪውን ሊያገለግል እንጂ ነዋሪው እርሱን ደጅ ሊጠና አይደለም። ይህንን እንዲሆን ለማድረግ የወረዳው ድርሻ አለ፤ የእኛም ድርሻ አለ። የእኛን ድርሻ ከሚመጣው እሑድ ጀምሮ እንወጣ፤ ጠረጴዛውም ደብተሩም ይጠብቋችኋል። አስተያየት ያላችሁ በጽሑፍም ሆነ በቃል ለኮሚቴው አቅርቡ፤ ተቃውሞም ቢሆን በዚሁ ሰሌዳ ላይ እንለጥፈዋለን።

የሰፈሩ ነዋሪዎች ማኅበር ኮሚቴ